የወጥ ቤታችን ቅመም ከየት መጣ?

የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታት ዘመቻ፣ ስለ አብያተ መንግሥት መታነጽ፣ ስለ መሳፍንት ሹመትና ሽረት አያሌ ነገር ጽፈው አቆይተውልናል። በየቀኑ ከመሶባችን ላይ ስለሚቀርበው ምግብ ግን ያቆዩልን ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱን ለማወቅም ብዙ መመራመር አያሻም፤ ብዕሩን የያዘው ሰው ከግብር አዳራሽ ተቀምጦ ሳለ ማማሰያውን የያዘችው ሴት ከጓዳ ስለ ነበረች ነው። ስለዚህ ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርበው ያሰብነው የቅመም ታሪክ ከአንድ መጽሐፍ ተቀድቶ የሚገኝ አይደለም። ጥቂቱ ከመንገደኞች ማስታወሻ፣ ጥቂቱ ከቃላት ምንጭ፣ ጥቂቱም ከገበያና ከጓዳ ተለቃቅሞ የተሰናዳ ነው።

የምንኖርባትና የምንሠራባት ከተማ ሐዋሳ ለእንዲህ ያለው ምርመራ የተመቸች ናት። በገበያ ቀን በቅመም ተራ በኩል ያለፈ ሰው ከአላባና ከማረቆ የመጣ ዛላ በርበሬ በጆንያ ሞልቶ፣ ከከፋ ጫካ የወጣ ኮረሪማ በክር ተሰክቶ፣ ከከምባታና ከወላይታ የመጣ ዝንጅብል ከነአፈሩ ተከምሮ፣ ከጉራጌ የመጣ ኮሰረት ደርቆ ታስሮ፣ በሶብላና ጤና አዳም ገና ጠላቸው ሳይደርቅ ተዘርግተው ያያል። በአንድ ጥግም ባሕር አቋርጠው የመጡት ቅርንፉድና ቀረፋ በትንንሽ ስፍር ተለክተው ይሸጣሉ። ከእነዚህ መካከል የአገሩ ተወላጅ የትኛው ነው፣ እንግዳውስ የትኛው ነው ብሎ ነጋዴዎቹን የጠየቀ እንደ ሆነ ሁሉም ከአያት ከቅድመ አያት የነበረ ነው የሚል መልስ ያገኛል። ይህ መልስ ለአንዳንዶቹ እውነት ነው፤ ለሌሎቹ ግን አይደለም። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ ያለ እርሱ ወጥ ወጥ አይባልም የምንለው በርበሬ ከእንግዶቹ ወገን ሲሆን፣ እንደ ተጨማሪ የምንቈጥረው ኮረሪማ የቤቱ ባለቤት መሆኑ ነው።

ስለ ቅመም የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም ካመጣችው ሽቱ ይነሣሉ። እኛ ግን ከዚያ መነሣትን አልወደድንም። በጥንት ዘመን በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ይነገድበት የነበረው ሽቱ በአብዛኛው ዕጣንና ከርቤ፣ እነዚህንም የመሰለ የቤተ መቅደስና የመቃብር መዓዛ እንጂ ለድስት የሚሆን ቅመም አልነበረምና። ለጓዳችን ታሪክ ቀረብ ያለው ምስክር ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ነው። ይህ ሰው በ6ኛው መቶ ዓመት፣ ዐፄ ካሌብ ወደ የመን ለመዝመት በሚሰናዱበት ጊዜ፣ በአዱሊስ ወደብ ተገኝቶ ነበር። በጻፈውም መጽሐፍ ውስጥ የህንዱ ቁንዶ በርበሬ ሐረግ በዛፍ ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም ገልጾአል። ከዚህም የምንረዳው የአክሱም ነጋዴዎች በሚመላለሱበት ባሕር ላይ ቁንዶ በርበሬ የታወቀ ሸቀጥ እንደ ነበር ነው።

የባሕሩን መንገድ ከማንም ይልቅ አጥርቶ የሚመሰክረው ግን የቅመሞቹ ስም ነው። ዝንጅብል የምንለውን ዐረቦች ዘንጀቢል ይሉታል፤ ቅርንፉድን ቀረንፉል፣ ቀረፋን ቂርፋ፣ ገውዝን ጀውዝ፣ ሄልን ሀይል ብለው ይጠሩታል። እርድም በየመኖች አንደበት ሁርድ ነው። ቃሉና ዕቃው በአንድ መርከብ ተጭነው፣ በምጽዋና በዘይላ በኩል ወጥተው፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው እንደ ገቡ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ኮረሪማን በተመለከተ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዐረቦች ኮረሪማን የሚጠሩት የሐበሻ ሄል ብለው ነው፤ በዚህ ጊዜ ስሙን ከእኛ አገር ጋራ አያይዘው የወሰዱት እነርሱ ናቸው ማለት ነው።

ወደ በርበሬ እንመለስ። በርበሬ መነሻው የአሜሪካ ምድር ነው። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በእስያም ሆነ በኤውሮጳ፣ በአፍሪካም ቢሆን ዛላ በርበሬን ያየ ሰው አልነበረም። ፖርቱጋሎች በተከታዩ መቶ ዓመት ወደ ህንድ ባሕር ዳርቻ ወሰዱት፤ በህንድና በቀይ ባሕር መካከል ያለው ጥንታዊ ንግድም ወደ እኛ ሳያደርሰው አልቀረም። ይህንንም በሦስት መንገደኞች ጽሑፍ መከታተል ይቻላል።

የመጀመሪያው ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ወርዶ በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ስድስት ዓመት ቆየ። በእርሱ ጊዜ የተወደደው፣ የሚፈለገውና የሚጠየቀው የህንዱ ቁንዶ በርበሬ ነበር። መልእክተኞቹም ለመንገዳቸው ወጪ ይሆነናል ብለው ይዘውት ከመጡት ቁንዶ በርበሬ ለንጉሠ ነገሥቱ ገጸ በረከት እስከ ማቅረብ ደርሰዋል። ለንጉሥ የሚቀርብ ነገር በየገበሬው ቤት እንደማይገኝ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በጎንደር ያየውን የጥሬ ሥጋ ግብር ሲገልጽ፣ ሥጋው በጤፍ እንጀራ እየተጠቀለለ ቁንዶ በርበሬ ወይም ቀይ በርበሬ ከአሞሌ ጨው ጋራ ይነሰነስበት እንደ ነበር ጽፎአል። እኛ በዚህ ላይ ልብ ያልነው «ወይም» የምትለዋን ትንሽ ቃል ነው። የቀድሞው ቅመምና አዲሱ እንግዳ በአንድ ማዕድ ላይ እኩል ተቀምጠው፣ እንግዳ ተቀባዩ ገና አንዱን ከሌላው ሳያስበልጥ የታዩበት ጊዜ መሆኑ ነው። ሦስተኛው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል በትግራይ ሲኖር፣ ነገሩ ፈጽሞ አልቆለት ነበር። በቀይ በርበሬ የሚሠራው ድልህ የተራው ሰው የዕለት ምግብ ማባያ ሆኖ አግኝቶታል።

ይህን ያህል ፈጥኖ እንዴት አሸነፈ ቢባል፣ ምክንያቱ ጣዕም ብቻ አይመስለንም። ቁንዶ በርበሬ ከባሕር ማዶ እየመጣ በጨውና በወርቅ የሚገዛ ነበር፤ ዛላ በርበሬ ግን ከጓሮ ይተከላል፤ በጥቂት ወራት ፍሬ ይሰጣል፤ ዘሩም ለከርሞ ይቀመጣል። ያው ማቃጠል ከመኳንንት አዳራሽ ወደ ገበሬ ጐጆ የወረደው በዚህ መንገድ ነው። ስሙም ይህንኑ የሚያመለክት ይመስለናል። ዛሬ በርበሬ ብቻ ብለን ስንናገር ማንም ሰው የሚረዳው ቀዩን ነው፤ ከእርሱ ቀድሞ የመጣው ግን «ቁንዶ» የሚል ቅጽል ካልተጨመረለት አይታወቅም። ኋላ የመጣ ዐይን አወጣ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይሁን እንጂ እንግዳው ወደ ባዶ ቤት አልገባም። ኮረሪማ፣ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ፌጦና ሰናፍጭ ከእርሱ በፊት ነበሩ። ቀይ በርበሬን በመላው ዓለም ይበሉታል፤ የእኛን በርበሬ የሚመስል ዱቄት ግን ሌላ አገር አይገኝም። ይህን ያደረጉ ስማቸው በአንድም ታሪክ ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። የሥራውን አካሄድ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርገን ማስቀመጣችን ወጥ ቤት የማያውቁ አንባብያን እንዳሉ ስለምንገምት ነው፤ የሚያውቁት ይታገሡን።

አንድ ቤተ ሰብ ለዓመት የሚበቃውን በርበሬ የሚያሰናዳው ፀሐይ በበረታችበት በበጋ ወራት ነው። አንድ ፈረሱላ፣ ማለት 17 ኪሎ ግራም ያህል ዛላ በርበሬ ይገዛና ጐረቤት ተጠርቶ ይቀነጠሳል፤ በፀሐይ ይሰጣል፤ በሙቀጫም ይሸከሸካል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም ለብቻ ይወቀጡና ከተሸከሸከው በርበሬ ጋራ ይደለዛሉ። ድልዙ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል፤ እርጥቡ ቅመም ጭማቂውን ለደረቁ በርበሬ የሚያካፍለው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም ድልዙ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በመጨረሻ ኮረሪማው ተፈልፍሎ፣ ጥቁር አዝሙዱና ነጭ አዝሙዱ ተለቅመው፣ በለስላሳ እሳት ከታመሱ በኋላ ጨው ተጨምሮ ሁሉም በአንድነት ይፈጫል። ማመሱ በፍሬው ውስጥ የተኛውን የመዓዛ ዘይት ያስነሣል፤ የቀረውንም እርጥበት ያባርራል። እርጥበት የቀረበት በርበሬ ሻጋታ ይይዛል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ ጉበትን የሚጐዳ መርዝ የሚያመነጭ መሆኑን የዘመናችን ሊቃውንት አረጋግጠዋል። እናቶቻችን የመርዙን ስም ሳያውቁ፣ በርበሬ በርጥብ መሬት ላይ እንዳይሰጣ ግን አጥብቀው ይቈጣጠሩ ነበር።

እንዲሁም በርበሬው ከቁሌቱ ጋራ አስቀድሞ ገብቶ ረዥም ጊዜ ሲበስል፣ መከለሻው ግን ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው የሚነሰነሰው። የበርበሬው ጥሬነት በእሳት ብዛት ይጠፋል፤ የመከለሻው ቅመም መዓዛ ግን በቀላሉ ከእንፋሎት ጋራ የሚሸሽ ነው። ቅቤ ሲነጠርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቅቤውን የሚያበላሹት ውሃውና የወተቱ ቅሬታ በእሳቱ ይወገዳሉ፤ የኮሰረቱ፣ የበሶብላው፣ የኮረሪማውና የእርዱ መዓዛ ደግሞ በስቡ ውስጥ ይሟሟል። በሚገባ የተነጠረ ቅቤ ወራት ሲቀመጥ የማይበላሸው ስለዚህ ነው። በረድ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት አገር ይህ ቀላል ጥበብ አይደለም።

አሁን የቤቱን ባለቤት እናንሣ። ኮረሪማ የዝንጅብልና የሄል ዘመድ ሲሆን በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በዳውሮና በጋሞ ጐፋ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ሊቃውንተ ዕፀዋት በሰጡት በላቲኑ ስሙ በአፍራሞሙም ኮረሪማ ውስጥ እንኳ የአገራችን ቃል ሳይለወጥ ተቀምጦአል። እ.ኤ.አ. ከ1840 እስከ 1843 በአገራችን የነበረው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ በጎጃም ወደ ነበረው ወደ ባሶ ገበያ ሄዶ ነበር። ኮረሪማው ከዓባይ ማዶ ተጭኖ ወደዚህ ገበያ ይመጣል፤ ከዚያም በጎንደር መንገድ ምጽዋ ይደርሳል፤ ከምጽዋም ወደ ዐረብ አገርና ወደ ህንድ ይሻገራል። ቅርንፉድ ከህንድ ባሕር ሲመጣ ኮረሪማ በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር ማለት ነው። በዚያው በባሶ ገበያ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጐን ከደቡብና ከምዕራብ የተጋዘ ሰው ይሸጥ እንደ ነበርም መሸሸግ አይገባንም። ኮረሪማው የወጣበት አገር ሰዎችና ኮረሪማው ራሱ በአንድ መንገድ ተነድተዋል። ከዚሁ ጫካ የሚወጣው ሌላው ቅመም ጥምዝ ነው፤ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ስለሚደርቅ የጢስ ሽታ አለው፤ እርሱም እንደ ኮረሪማ የሚገባውን ስም አላገኘም።

ይህ ሁሉ የሰሜንና የምዕራብ ታሪክ ከሐዋሳ ጋራ ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው የሲዳማ ሕዝብ የቀድሞ ማዕድ የተመሠረተው በወጥ ላይ ሳይሆን በእንሰት፣ በወተትና በቅቤ ላይ ነው። ለዘመን መለወጫ በዓል ለፍቼ ጨምበላላ የሚቀርበው ቡሪሳሜ ከእንሰቱ ዋሳ በቅቤ ተለውሶ፣ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ገበታ ይቀርባል። በዓሉ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ሲገባ፣ ይህም የማዕድ ሥርዓት አብሮ ተመዝግቦአል። በእንዲህ ያለው ማዕድ ቅቤው ራሱ ቅመም ነው። የጐረቤቱ የወላይታ ሕዝብ ዳጣ ደግሞ ከደጋው በርበሬ በሌላ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው በትኩሱ ይደቈሳል እንጂ እስኪደርቅ አይጠበቅም። ለዓመት የሚቀመጥ ሳይሆን ለሰሞን የሚበላ ነው። ጤና አዳምም በዚህ አገር ከበርበሬ ድልዝ ይልቅ በቡና ሲኒ ውስጥ ነው ማዕረጉ።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ተቈርቁራ፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማነት ከይርጋ ዓለም ወደ እርሷ ሲዛወር፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወታደሩና ነጋዴው ከነቤተ ሰቡ ወደዚህ ወረደ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡት እመቤቶች የየአገራቸውን የበርበሬ ልክ ይዘው መጡ። በአንድ ግቢ አጥር ለአጥር የተቀመጡት የወላይታ፣ የሲዳማ፣ የጉራጌና የአማራ ሴቶች ሙቀጫ ሲዋዋሱ ልኩም አብሮ ተዋዋሰ። ውጤቱን ለማየት የፈለገ ወደ አሞራ ገደል ይውረድ። ከሐይቁ የወጣው ቆሮሶ እንደ ደጋው ሥጋ በጥሬው ተከትፎ በወላይታው ዳጣና በሰሜኑ አዋዜ ይበላል። ደገኛው ዓሣን በጥሬው አይበላም ነበር፤ ጥሬ ሥጋ የመብላት ልማዱ፣ የጐረቤቱ ማባያና የሐይቁ ዓሣ ግን ሐዋሳ ላይ ተገናኙ። ይህን በአዋጅ የደነገገ ሰው የለም።

ይህ ዕውቀት ግን ዛሬ ከሁለት በኩል እየተሸረሸረ ነው። አንደኛው ከማሳና ከጫካ በኩል ነው። በ2004 ዓ.ም. ግድም የተነሣው የአጠውልግ በሽታ በወላይታ፣ በከምባታና በዳውሮ የነበረውን የዝንጅብል ማሳ ጠርጎ ወሰደው፤ ብዙ ገበሬም ዝንጅብል መትከሉን ተወ። ኮረሪማና ጥምዝ ያለ ዛፍ ጥላ ስለማይኖሩ ጫካው ሲመነጠር አብረው ይጠፋሉ። የከፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ደረጃ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ መመዝገቡ መልካም ነው፤ ከተመዘገበው ወሰን ውጭ ያለው ግን ጥቂት አይደለም። ከከተማችን ብዙ በማይርቀው በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ መዓዛማ ዕፀዋት፣ በቴፒም ስለ ቅመማ ቅመም ምርምር ይደረጋል። የእነዚህን ስፍራዎች ሥራ ከቡና ምርምር ባነሰ ዐይን ማየታችንን እንደ ትልቅ ጉድለት እንቈጥረዋለን።

ሁለተኛው ከጓዳ በኩል ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ልጃገረዶች ሦስትም አራትም እየሆኑ በአንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከፈረቃ ሥራ የተመለሰች ልጅ በርበሬ ልትቀነጥስ፣ ልትደልዝና ልታሰጣ አትችልም፤ ድልዙን የምታሰጣበት ደጅም የላትም። ከሱቅ በሩብ ኪሎ ትገዛለች። በዚህ ማንም አይፈርድባትም፤ የተፈጨ በርበሬ ለሚያዘጋጁ ብዙ ሴቶችም መተዳደሪያ ሆኖአል። ነገር ግን የተፈጨ ነገር ውስጡ አይታይም። ሸክላ ፈጭተው ከበርበሬ ጋራ የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች በየጊዜው መያዛቸውን በዜና ሰምተናል። ልኩንና ሽታውን ከእናቷ የተማረች ገዢ በጣቷ አሽታ ታውቀው ነበር፤ ያልተማረችው በምን ትለየው?

ስለዚህ ልኩ በጽሑፍ ይሰብሰብ ባዮች ነን። ሲሰበሰብም አንድ ትክክለኛ ልክ አለ ተብሎ ሌላው እንዳይጣል ያሻል። እኛ ለመጀመሪያ ያህል ዕድሜያቸው የገፋ ሁለት የሐዋሳ እናቶችን ለአንድ ፈረሱላ ዛላ በርበሬ ምን ያህል እንደሚያገቡ ጠይቀናል። ከይርጋ ዓለም የመጡት እናት ነጭ ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ዝንጅብል 1 ኪሎ ተኩል፣ ኮረሪማ 1 ኪሎ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ግማሽ ግማሽ ኪሎ፣ በሶብላ 1 ኪሎ፣ ጤና አዳም አንድ እስር፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ለሽታ ያህል ብቻ ይላሉ። የወላይታ ተወላጅ የሆኑት እናት ዝንጅብሉን እስከ 3 ኪሎ ያደርሱታል፤ ቀይ ሽንኩርቱን ድልዙ ቶሎ አይደርቅም ብለው ይቀንሱታል፤ ቅርንፉድና ቀረፋን የሻይ ናቸው ብለው ጨርሶ አያስገቡም። በነጭ አዝሙዱም ሳይስማሙ ቀርተዋል። ኮረሪማውን ግን ሁለቱም የሚገዙት ከነቅርፊቱ ነው፤ ተፈልፍሎ የሚሸጠውን አይነኩም።